ሽንኩርት ሳይከትፉ «በዓል ድሮ ቀረ»

የዘንድሮው ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ። «በዓል ድሮ ቀረ» የሚለው እሮሮ ግን አንድ ቀን ቀድሞት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰው። ይዘውት የመጡት የዓምደኛው የእናቱ ወገን ዘመድ፣ ጋሼ ናቸው። ጋሼ ደህና ሰው ናቸው። በየበዓሉ ይመጣሉ፣ በየበዓሉ የሶፋውን ያችኑ ጥግ ይይዛሉ፣ በየበዓሉም ያችኑ ቃል ይናገራሉ። ኩሽና ውስጥ ሦስት ሴቶች ዓይናቸው እስኪቀላ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ደጅ ላይ አንድ ጎረምሳ ከቀይ አውራ ዶሮ ጋር ትግል ገጥሟል፤ እሳቸው ግን ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን አነባብረው ስለጠፋው በዓል ያዝናሉ።

 

«ድሮ እንዴት ነበር ታዲያ?» ተብለው ሲጠየቁ ጋሼ ይሞቃቸዋል። ድሮ ከሰሙነ ሕማማት ጀምሮ ሰፈሩ በዓል በዓል ይሸት ነበር። በስቅለት ሰሞን እሳቸውና ጓደኞቻቸው «ሚሻ ሚሾ» እያሉ በየደጁ ይዞሩ ነበር። ቄጠማውን ከወንዝ ዳር አጭደው የሚያመጡት እሳቸው ነበሩ። በርበሬውን ወፍጮ ቤት የሚያደርሱት፣ ወረፋ የሚጠብቁት፣ እያስነጠሱ የሚመለሱትም እሳቸው። ለድፎ ዳቦው ኮባ ፍለጋ የሰው አጥር የዘለሉት እሳቸው፤ በጉ ሲታረድ እግር የያዙት እሳቸው፤ ቆዳውን አዙረው ለመሸጥ ከነጋዴ ጋር የተጨቃጨቁት እሳቸው።

አንባቢ ልብ ይበል። ሰውየው በገዛ ትዝታቸው ውስጥ አንድም ጊዜ ተቀምጠው አያውቁም። ይላካሉ፣ ይሸከማሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይቆጣሉ። አሁን ተቀምጠዋል። በዓሉ የጠፋባቸውም ከተቀመጡ ወዲህ ነው። ሽንኩርት ያልከተፈ አያማርር።

ዓምደኛው ይህንኑ ፊት ለፊት ነገራቸው። «አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» ብለው ሳቁና ሻይ እንዲደገምላቸው አዘዙ። ሻዩን ያመጣችው ከሦስቱ አንዷ ከሽንኩርቱ ተነሥታ ነው።

የፋሲካ ዋዜማ ሥራ ለማያውቀው ሰው ተራ ነገር ይመስላል። ለአንድ ዶሮ የሚገባው ሽንኩርት በኪሎ ነው የሚቆጠረው። ይላጣል፣ ደቆ ይከተፋል፣ በደረቁ እየተማሰለ ውሃው እስኪመጥ ይቁላላል። ከዚያ በርበሬው ይገባል፤ ከዚያ ንጥር ቅቤው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ፤ መከለሻው መጨረሻ ላይ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማማሰያው ከእጅ አይወርድም፤ ካረረ የሁለት ወር ጾም ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። ዶሮዋ በበኩሏ ትነጫለች፣ ትለበለባለች፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ ትታጠባለች፣ ከዚያም 12 ብልት ትሆናለች። 12ቱን አጥንት ሳይሰብሩ ማውጣት የሙያ መመዘኛ ነበር፤ አማት ምራቷን የምትፈትንበት፣ ጎረቤት ደግሞ ከድስቱ አጠገብ ቆሞ በዓይኑ የሚቆጥርበት።

ይህ በየቤቱ በአንድ ሌሊት እንደሚደረግ ለማወቅ ኩሽና መግባት እንኳን አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ አቅራቢው በትልልቅ በዓላት ዋዜማ የሚያወጣውን ማሳሰቢያ መስማት ይበቃል። ብዙ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች በዋዜማውና በበዓሉ ዕለት ማሽናቸውን እንዲያቆሙ ወይም እንዲቀንሱ ይጠየቃሉ። ለምን? ምጣዱና ምድጃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚበራ። ሽንኩርት እንዲቁላላ ፋብሪካ የሚቆምባት አገር ውስጥ ተቀምጦ «በዓል ቀረ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ጋሼ ድፍረቱ አላቸው።

በዚሁ ሳምንት ዓምደኛው ስልኩን በከፈተ ቁጥር አንድ ማስታወቂያ እየመጣ ያስቸግረው ነበር። ቁሌት በኪሎ፣ ተዘጋጅቶ፣ ቤት ድረስ። ዓምደኛው በቁሌት ነጋዴ ላይ ጦር ይሰብቃል ብሎ የጠበቀ አንባቢ ካለ ይቅርታ ይደረግለት፤ አይሰብቅም። ምክንያቱ አንዲት ጎረቤት ናት። ሁለት ልጆች አሏት፣ ቅዳሜም ሥራ ትገባለች፣ እናቷ አብረዋት ይኖራሉ፤ እኚህ እናት ጉልበታቸው ቢደክምም አፋቸው አልደከመም። ልጅቱ ዘንድሮ ቁሌት ገዝታ ስትገባ እማማ አማተቡ።

«ገበያ የተቁላላ ሽንኩርት? እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሪው።»

ተሞከረ። ድስቱ ከምድጃ የወረደው ገና ምሽት ሳለ ነው። ቤቱ ተጠረገ፣ ልጆቹ ተኙ፣ እናትና ልጅ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ማግስቱን እማማ ለጠየቃቸው ሁሉ የሚያወሩት ስለ ወጡ አልነበረም። ከተዳሩ ወዲህ የትንሣኤን ሌሊት ከእጣን ጋር ሳይሆን ከቁሌት ጋር ነበር የሚያድሩት፤ ዘንድሮ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው አስቀደሱ። ሌሊት ተመልሰው ሆዳቸውን በተልባ አለስልሰው ዶሮውን ቀመሱ። ስለ ወጡ ጭምር የሚነዘንዛቸው ሲያገኙ «ጨው ትንሽ አንሶታል» ይላሉ። እማማን የሚያውቅ ሰው ይህ ከፍ ያለ ምስጋና መሆኑን ይረዳል።

«ታዲያ ሽንኩርት ያልከተፈ አያማርር የምትለው ነገር የት ደረሰ?» የሚል ይኖራል። የትም አልሄደም። ሥራው በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ብቻ ሲወድቅ በዓል መባሉ ቀርቶ ቅጣት ይሆናል፤ ከቅጣት ማምለጫ የሸጠ ነጋዴ ይባረክ። ዓምደኛው የሚሟገትለት በጋራ የሚሠራውን ሥራ ነው። ሦስቱ ሴቶች ኩሽና ውስጥ የሚያወሩትን ወሬ ቁሌት ሻጩ በኪሎ ሊያመጣው አይችልም። የትኛዋ የአክስት ልጅ እንዳገባች፣ የትኛዋ እንደፈታች፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሽንኩርቱ ደግሞ ውለታ አለው፤ በእውነት የሚያለቅሰውና በሽንኩርት የሚያለቅሰው አይለይም። ባለፈው ዓመት ባሏን የቀበረች አንዲት ዘመድ ዘንድሮ ከሁሉም በላይ ብዙ ሽንኩርት ከትፋለች። ማንም ምንም አላላት።

ወንዶቹስ? ቀዳም ሥዑር ከቀትር በኋላ በየኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ የሚታይ ትርኢት አለ። አንዲት ሴት ዶሮ በክንፏ ይዛ በየበሩ ታንኳኳለች፦ «ወንድ አለ?» ማረድ የወንድ ሥራ ነውና አባወራው ሥራ ላይ የሆነበት ወይም ጨርሶ የሌለበት ቤት የጎረቤት ወንድ ይፈልጋል። በዓምደኛው ሕንፃ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ምድር ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ነው። ከጎጃም የመጣ፣ ላጤ፣ ዝምተኛ። ከቀይ አውራ ዶሮ ጋር ትግል ገጥሞ የነበረው እሱ ነው። በዚያ ቀን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ፎቅ ያለውን የክርስቲያን ቤት ዶሮ ሁሉ ያረደው እሱ ሲሆን፣ እስከዚያ ዕለት ግን ስሙን በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «የምድር ቤቱ ልጅ» ነበር የሚባለው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ስለ ቅርጫው።

የ«ድሮ ቀረ» ማኅበርተኞች ከሚያነሡት ሁሉ ጠንከር ያለው ነጥብ ይኸ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ቅርጫን ገደለው ይላሉ። ግቢ የለ፣ ዛፍ የለ፣ በሬ ደረጃ አይወጣ። እውነቱን ለመናገር ግን ቤቶቹን የነደፉት ሰዎች ይህን አስበውበታል። በአዲስ አበባ በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በየሳይቱ ኮሚናል የሚባል ቤት አብሮ የተሠራው ለእርድ፣ ለድግስና ለለቅሶ እንዲሆን ነው። በአንዳንዱ ሳይት መጋዘን ወይም የሚከራይ ክፍል ሆኖ መቅረቱ የነዳፊዎቹ ጥፋት አይደለም። ቁልፉ የማን እጅ እንዳለ የሚጠይቅ ነዋሪ መጥፋቱ ነው።

በዓምደኛው ሰፈር የዘንድሮው ቅርጫ የተወለደው በቴሌግራም ነው። አንድ የተማረ ጎረቤት «ለምን እንደክማለን? ሁሉም ከሥጋ ቤት በኪሎ ይግዛ፤ ንጹሕም ነው፣ ሕጋዊም ነው» ብሎ ጻፈ። አነጋገሩ ጥፋት የለበትም፤ የቄራ ሥጋ በሐኪም የታየ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ማረድን የከተማው ጤና ሰዎችም አይወዱትም። ቡድኑ ለጥቂት ሰዓት ጸጥ አለ። ከዚያ የሦስተኛ ፎቋ እትዬ የድምፅ መልእክት ላኩ። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ሥጋማ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ልጄ። ስንት ሰው እንዳለን የምናውቀው መቼ ነው?» ክርክሩ እዚያው አለቀ። እንስሳውን የሚያይ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ከሰፈሩ ተገኘ፤ ገንዘብ መሰብሰብ ተጀመረ።

በሬ ለመግዛት ካራ ከብት ገበያ የሄደው ልዑክ በመኪና ተጭኖ ነው። ከተላኩት ውስጥ በዘመኑ በሬ ያረባ አንድም ሰው የለም፤ ባለሙያ ያልሆነ ግን አንድም አልተገኘም። አንዱ ሻኛውን ጫን ጫን ያደርጋል፣ አንዱ ጥርስ ያያል፣ አንዱ የኋላ እግሩን ከሩቅ ቆሞ ይመረምራል። «ይኸ የቦረና ነው።» «የለም፣ የሐረር ሰንጋ ነው፤ ቆዳውን አታይም?» ደላላው የሁሉንም ሐሳብ ይደግፋል። ዋጋው ከአምናው በስንት እንደጨመረ እዚህ መጻፍ አንባቢን በበዓል ማግስት ማናደድ ነውና ይለፍ። የተገዛው በሬ ቀይ ነበር፤ ከየት እንደመጣ እስካሁን ስምምነት የለም።

የቅርጫው ጥበብ ያለው ክፍፍሉ ላይ ነው። በሬው ሲበለት እያንዳንዱ መደብ ከሁሉም ነገር እንዲደርሰው ሆኖ ይደረደራል፤ ከሻኛው፣ ከታላቁ፣ ከሽንጡ፣ ከዳቢቱ፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው። ሚዛን የለም፤ ሚዛኑ ዓይን ነው። ዘንድሮ አንድ ኢንጂነር ጎረቤት የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ይዞ ብቅ አለ። ለዓመታት ሲያከፋፍሉ የኖሩት አዛውንት ቢላቸውን አስቀምጠው ዘወር አሉ፤ ተቀየሙ። ኢንጂነሩ ሁለት መደብ መዘነ። ልዩነቱ እፍኝ አይሞላም። አዛውንቱ ቢላቸውን አነሡ፤ ሚዛኑ የልጆች መጫወቻ ሆነ።

ከዚያ ዕጣ አለ። እያንዳንዱ ባለድርሻ አንድ ነገር ይሰጣል፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የክብሪት እንጨት፣ የሸሚዝ ቁልፍ። ዕቃዎቹን በየመደቡ ላይ የሚጥለው ሰው በሥጋው ላይ ድርሻ የሌለው ቢሆን ይመረጣል፤ ማንም በአድልዎ እንዳይጠረጥረው። በዚህ ሕንፃ ይህን ሹመት የያዙት የአራተኛ ፎቁ ሐጂ ናቸው። ሥጋውን አይበሉም፤ የክርስቲያን እርድ ነውና። ለዚህም ነው የሚታመኑት። ዕቃዎቹን በመዳፋቸው ነቅነቅ ነቅነቅ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ይጥላሉ፤ ለአንዱ ጮማ የበዛበት ሲደርሰው «አልሃምዱሊላህ በል!» ይሉታል፣ ክርስቲያኑም ይላል።

ከሐጂ ቤት ጋር ያለው ሒሳብ ደግሞ ዘንድሮ ለየት ያለ ነበር። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት። ሕንፃው ግማሹ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ፣ ግማሹ እስከ ቅዳሴ መውጫ ጿሚ ሆኖ ከረመ። በመጋቢት ዒድ ሲመጣ ክርስቲያኖቹ ገና ጾም ላይ ናቸው። የሐጂ ባለቤት ታዲያ ለእነሱ ለብቻ በዘይት የተሠራ ምስር ወጥና የምስር ሳምቡሳ አዘጋጅተው፣ ሳህኑን በጨርቅ ሸፍነው በየቤቱ ላኩ። ለፋሲካ ደግሞ በተራው አንድ ዶሮ ተገዝቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ሐጂ ራሳቸው አረዱት፣ ከእሳቸው ቤት በመጣ ድስት ተሠራ፣ አብረው ተቀመጡ፣ ሁሉም የየራሱን በላ። ይህን ነገር በጉባኤና በመግለጫ «የመቻቻል እሴት» እያሉ የሚጠሩት ሰዎች አሉ። ድስት ተውሰው አያውቁም።

የበሬው ቆዳስ? ቆዳው አዝኖ ቀረ። ቀድሞ በበዓል ማግስት ቆዳ ገዢዎች በየሰፈሩ እየተጣሩ ይዞሩ ነበር፤ የበግ ቆዳ ሽያጭ የልጆች ጫማ ላይ የሚጨመር ገንዘብ ነበር። ባለፉት ዓመታት ዋጋው ወድቆ ወድቆ ቆዳ ከነጨው በየአጥሩ ሥር ተጥሎ ይታያል። ጋሼ «ድሮ ቀረ» ሲሉ እዚህ ላይ ብቻ ልክ ናቸው፤ ግን እሳቸው የቆዳውን ዋጋ መውደቅ አላነሡትም።

  

«በዓል ድሮ ቀረ» ማለት የሚቻልበት ዓመት ከነበረ 2012 ነበር። ዓምደኛው ያንን ፋሲካ ሲያስብ ከማንኛውም ይበልጥ ይገርመዋል። የኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጋቢት 30 ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሆነ። ቅዳሴው በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ሰው እቤቱ ስክሪን ፊት ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ጃንሜዳ የተዛወረው በዚያው ሰሞን ነው፤ ጥምቀት የሚከበርበት ሜዳ ሽንኩርት በሽንኩርት ሆነ። ዶሮው በየቤቱ ተሠራ። ወጡ ጣፋጭ ነበር። ግን የሚበላው አልነበረም። በየቤቱ ለቀናት ማቀዝቀዣ ውስጥ እየተቀመጠ፣ እየተሞቀ ተበላ፤ በመጨረሻም ብዙ ቤት ተደፋ። ቤት ያፈራው ሁሉ እያለ ሰው ሲጎድል ምን እንደሚመስል ያየነው ያኔ ነው። ያንን ዓመት ያለፈ ሰው የደረጃው ጫጫታና የሚንኳኳ በር ሲያማርረው መስማት ለዓምደኛው ግራ ነው።

ከባሕር ማዶ ያሉት ይህን በደንብ ያውቁታል። የዓምደኛው እህት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። አምና የእኛና የምዕራባውያኑ ፋሲካ ሚያዝያ 12 አንድ ቀን ስለዋሉ ደልቷት ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቿ እንኳን አደረሰሽ አሏት። ዘንድሮ የእነሱ መጋቢት 27 አልፏል፤ በእኛው ፋሲካ ሰሞን የቸኮላቱ ጥንቸል በግማሽ ዋጋ ተሽጦ አልቆ ነበር። የቪዲዮ ጥሪዋ የሚመጣው ግን በማይስተው ሰዓት ነው፤ እዚህ ሌሊት 9 ሰዓት፣ ጾሙ ተፈትቶ ድስቱ ሲከፈት። ስልኩን መሶቡ ላይ ደገፍ እንዲያደርጉላት ታዛለች። እዚያ ገና ቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ነው፤ እሷ ገና ጿሚ ናት፣ ገና ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነው። ዶሮውን ሰባት ሰዓት ቀድማ በዓይኗ ትፈስካለች።

የምትጠይቀው ግን ስለ ዶሮው አይደለም። «ማን ከተፈ? ማን አረደ? ዕጣው ለእትዬ ምን አወጣላቸው? አዛውንቱ ዘንድሮም ተቀየሙ?» እዚያም እኮ ሁሉም አለ፤ በርበሬው አለ፣ እንጀራው አለ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ከገበሬ በሬ ገዝቶ የሚቃረጥ ሐበሻም ሞልቷል። እሷም ድርሻ አላት። የሚያስቀናት ሥራው ነው። «እኔ እኮ መላላክ ናፈቀኝ» አለች ዘንድሮ። ጋሼ ሶፋው ላይ ሆነው ይህን ሰሙ። ምንም አላሉም፤ እንቅልፍ ይዟቸው ሊሆን ይችላል።

የበዓል ማግስት የጓደኞች ቀን ነው። ዘመድ የሚጠየቀው በዕለቱ፣ ጓደኛ የሚመጣው ሰኞ ነው፤ ይህ ልማድ በየትኛውም ቦታ ባይጻፍም ሁሉም ያከብረዋል። ሰኞ የሚመጡት ቄጠማው ጠውልጎ፣ ዱለቱ አልቆ፣ አስተናጋጇ ደክማ ነው የሚደርሱት። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ደስ የሚሉት። ከመካከላቸው አንዱ ገብቶ እጁን የሚታጠበው ለምግብ ሳይሆን ለተከማቸው ሳህን ነው። ይህ ሰው በዓምደኛው ዝርዝር ውስጥ ከሁሉም እንግዶች ቀድሞ የተጻፈ ነው።

እንዳልነው፣ ወደ ምድር ቤቱ ልጅ እንመለስ።

ልጁ ሌላ ጊዜ ቢሆን ለፋሲካ አገሩ ይገባ ነበር። አውቶቡስ ተራ ሌሊት ተሰልፎ፣ ታሪፍ ላይ ታሪፍ ከፍሎ፣ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ። በአማራ ክልል በ2015 መጨረሻ ግጭቱ ከተባባሰ ወዲህ ግን መንገዱ አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል፤ ሲከፈትም እናቱ «አትምጣ» ይሉታል። በዓል በደረሰ ቁጥር ልጄ ናልኝ ስትል የኖረች እናት አትምጣ ስትል ምን ያህል እንደሚከብዳት ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በየከተማው እንዲህ ያለ ወጣት ብዙ ነው። በየኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤትና ሰርቪስ ክፍል ተከራይቶ፣ በዓሉን በሩን ዘግቶ በእንቁላል ጥብስ የሚያሳልፍ።

በቅርጫው ዝርዝር ላይ ስሙ አልነበረም። ለምን እንዳልተመዘገበ ዓምደኛው ጠየቀው። ሙሉ መደብ ለአንድ ሰው በዛ፣ ገንዘቡም ይከብዳል፣ ማቀዝቀዣ የለውም። ግማሽ መደብ የሚባል ነገር ደግሞ የለም፤ ቅርጫ ባለትዳርን እያሰበ የተሠራ ሥርዓት ነው። ይህን የሰሙት የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ዝርዝሩን ተቀብለው ከገዛ ስማቸው ጎን የልጁን ስም አስጻፉ። ሁለት ሰው፣ አንድ መደብ። ለምጽዋት እንዳይመስለው ደግሞ ሥራ ሰጡት፦ ያን ሁሉ ዶሮ አሳረዱት፣ ከዚያ ኩሽና ውስጥ አስገብተው የተረፈውን ሽንኩርት አስከተፉት። ሲያለቅስ ሳቁበት። ሌሊት እናቱ ደውለው ማን ጋ እንደሆነ ሲጠይቁት ስልኩን ለእትዬ ሰጣቸው፤ ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ሳይተዋወቁ ስለ በርበሬ ዋጋ ረጅም ወሬ አወሩ።

ልጁ አሁን በስሙ ይጠራል። ይኸውና የእንቁጣጣሽም ቅርጫ እየመጣ ነው፤ በብዙ ሰፈር ምዝገባው በነሐሴ ይጀመራል። ዝርዝሩን የምትይዙ ሰዎች «ግማሽ መደብ» የሚል መስመር ጨምሩበት። የኮሚናሉን ቁልፍ ማን እንደያዘም ከአሁኑ ጠይቁ። በየሕንፃችሁ ምድር ቤት የሚኖረውን ላጤ ደግሞ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ ድስቱ ከመውጣቱ በፊት ጥሩት።